ለሁሴን እግር ልመሰክር ጨፋ የሄድኩ ጊዜ

እኔ ብዙ አገር ያየሁ ሰው አይደለሁም። በወታደርነቴ የረገጥኩትን ከቆጠራችሁልኝ ብዙ ነው፤ ግን እሱ መወሰድ እንጂ መጓዝ አይባልም። በገዛ እጄ ትኬት ቆርጬ፣ ልሂድ ብዬ የሄድኩት ይሄን የከሚሴውን ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ያሉ የሰፈሬ ሰዎች «እንዴት ነው አገሩ? ምን አየህ?» እያሉ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስለሚይዙኝ፣ ለያንዳንዱ ከምተርክ ልጻፈው አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጦር ሰፈር ውስጥ ነው፤ የተሳሳተ ብታገኙ እለፉኝ።

የሄድኩበት ምክንያት ሁሴን ነው። ሁሴን በሰሜን ግንባር አብሮኝ የነበረ ወታደር ነው፤ አሁን ጨፋ ሸለቆ ውስጥ፣ ከጨፋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ እያረሰ ይኖራል። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ፈንጂ ወስዶበታል። ያኔ የሰጡት ሰው ሠራሽ እግር ተሰብሮ ከተጣለ ቆይቷል፤ የሚሄደው በክራንች ነው። በቅርቡ የእነሱ የምክር ቤት ተወካይ፣ አንዲት ሴት ናት፣ የቀድሞ ወታደሮችን ሕክምና ነገር ይዛ ስትሟገት ከርማ፣ እግር የሚሠሩ ባለሙያዎች ከደሴ መጥተው ከሚሴ ላይ ለአንድ ቀን ልኬት እንዲወስዱ አደረገች። ማስረጃ የጠፋበት ሰው አብሮት የነበረ አንድ ሰው ቀርቦ በቃሉ ከመሰከረለት ይበቃዋል ተባለ። የሁሴንን ወረቀት አንድ ክረምት ቤቱ የገባ ጎርፍ ወስዶበታል።

ስልክ ደወለልኝ።

«አለቃዬ፣ እግር እንደነበረኝ ትመሰክርልኛለህ?»

«እግር እንደነበረህማ እናትህ ትመስክር። እኔ የማውቀው እንደሌለህ ነው» አልኩት።

በስልኩ ውስጥ ሳቁ ያው የድሮው ሳቅ ነው። እኔ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፤ እሱ ተራ ወታደር። እስካሁን «አለቃዬ» ይለኛል፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ሹፈት ነው። ቀጥሎ ግን ድምፁ ዝቅ አለ፦ «ይሄኛው ካመለጠኝ ሌላ የሚመጣ አይመስለኝም» አለኝ። እመጣለሁ አልኩት።

ሐሙስ

ጠዋት ባለቤቴ አስካለ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጠረችልኝ። ሹራብ፣ ካፖርት፣ በላዩ ላይ ጋቢ አስለበሰችኝ። «ቆላ ነው የምሄደው» ብላትም «እስክትደርስ ድረስ ደጋ ነው» አለች። ልክ ናት፤ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር። ዋሻውን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ግን ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ደብረ ሲና ላይ ካፖርቱን አወለቅኩ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራቡን። ጋቢውን አጥፌ ጭኔ ላይ ሳስቀምጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠች የከሚሴ ነጋዴ ሴት ስታየኝ ቆይታ፣

«አባባ፣ ከሥር ሌላም ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ።

የኋላ ወንበር ሳይቀር ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ዘመዳሞች ሆንን፤ እኔ ዳቦ ቆሎ አወጣሁ፣ እሷ ማንጎ ላጠችልኝ። እኛ ጋ ማንጎ በሱቅ ተደርድሮ ነው የምናየው። እዚያ መንገድ ዳር ክምር ሆኖ፣ ልጆችም ፍየሎችም ይሻሙበታል።

ጀውሃን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ ክሪኩ ተበላሽቶባቸው ሌላ መኪና እስኪያበድራቸው ድረስ ግራር ሥር ተቀመጥን። ከማሳው አንድ ገበሬ ሽርጡን እንዳገለደመ መጣና ማንም ሳይጠይቀው ተመልሶ ሄዶ በጄሪካን ውኃ አመጣ። ለሁላችን አዳርሶ፣ ለእኔ ደግሞ «ያባ፣ ጋቢውን እራስዎ ላይ ጣል ያድርጉት፤ ፀሐዩ ደገኛ ይለያል» አለኝ። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ በብርድ እናዝንለታለን፤ እነሱ በፀሐይ ያዝናሉ።

አጣዬ ስንደርስ ብዙ አዲስ ቆርቆሮ አየሁ። አንዳንዱ ግድግዳ ጥቁር ሆኖ ጣሪያው ብቻ አዲስ ነው። ዝም ብዬ ስመለከት ነጋዴዋ፣

«እኔ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ደስ ይለኛል፤ ሰው ተመልሷል ማለት ነው» አለችኝ።

ከሚሴ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አልጋ ያዝኩ። ክፍሉ አጎበርና ቬንትሌተር አለው። ቬንትሌተሩ ሲዞር እንደ ሄሊኮፕተር ስለሚጮህብኝ አጠፋሁት፤ ሙቀቱ ሲያይልብኝ አበራሁት፤ እንዲህ ስንባባል እንቅልፍ ወሰደኝ። ራት ላይ ያስተናገደችኝ ልጅ ስጋ ከማዘዜ በፊት አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየችና «አባቴ፣ የክርስቲያኑ ቤት ማዶ ነው፤ እዚህ ከፈለጉ ግን እንቁላል ልጥበስልዎ» አለችኝ። እንቁላሉን በላሁ። ቤቷ ያለውን መሸጥ ስትችል ማዶውን ያሳየችኝን ልጅ ትቼ የት እሄዳለሁ?

ዓርብ

በሚኒባስ ጨፋ ሮቢት፣ ከዚያ በባጃጅ እስከ አንድ ወንዝ ዳር ሄድኩ። ወንዝ ማለቴ ትንሽ ነው፤ ድልድዩን ግን ጎርፍ ወስዶት ሁለት የሲሚንቶ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ባጃጁ እዚያ አወረደኝ። ማዶ ሁሴን በክራንቹ ቆሟል።

ሸለቆው ሰፊ ነው። ማሽላው ሰው ይሸሽጋል፤ እኛ ጋ ገብስ ጉልበት ላይ ሲደርስ ጥሩ ዓመት ነው ብለን እናመሰግናለን። ከማሽላው ወዲያ ከብቱ ለቁጥር አይመችም፣ በሣሩ ውስጥ ቀንዱ ብቻ ነው የሚታየው።

በድንጋይ ላይ እየረገጥኩ ተሻገርኩ። ሁሴን አቀፈኝ፤ ክራንቹ ወደቀ፣ እኔን ተደግፎ ቆመ። ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም የሰላምታው ብዛት፦ «ደህና ነህ? አካም ነህ? ቤት ደህና? ፈያ? ልጆች ደህና? አልሃምዱሊላህ።» አማርኛውን ከኦሮምኛው ሳይለይ ነው የሚያወርደው፤ ግንባርም እንዲሁ ነበር። ሸብቷል። ጥርሱ ግን ሙሉ ነው፤ በዚህ ቀናሁበት።

ወደ ቤቱ ስንሄድ በመስጊዱ አጥር በኩል አለፍን። ግድግዳው ላይ ቃሬዛ ተደግፏል፤ እንጨቱ በሰው ትከሻ ብዛት ለስልሷል። ሁሴን ቆም አለ።

«ይሄን ታያለህ?» አለኝ። «እዚህ ቅሬ አለን። እናንተ እድር የምትሉት ነው። ሰው ሲሞት ወንድ የተባለ ሁሉ በተራ ይሸከማል። እኔ አርሳለሁ፣ አጭዳለሁ፣ አንድ እግር ነው ብዬ የተውኩት ሥራ የለም። ይሄ ብቻ በክራንች አይሆንም። ቅሬው ምሬሃለሁ አለኝ። እኔ ግን ምሕረቱን አልወደድኩትም።»

እግሩን የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ቤቱ ስንደርስ ባለቤቱ ዘይነባ ደጅ ድረስ ወጥታ ተቀበለችኝ። ግቢው ውስጥ የታረደ ፍየል ተሰቅሏል፤ ሙክት ነው። አጠገቡ ጎረቤታቸው ግርማ፣ ክርስቲያን ነው፣ ቢላውን እየጠረገ ቆሟል። በዚያ አገር ደንቡ እንዲህ ነው፦ እስላም ቤት ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ ክርስቲያን ጎረቤት ተጠርቶ ይባርካል፤ ክርስቲያን ቤት እስላም ሲመጣም እንዲሁ። ለእንግዳው የሚሆን ሰሐንና ድስት እንኳ ለብቻው ተቀምጧል። ሁሴን በኩራት ፍየሉን አሳየኝ።

እኔ ደግሞ ቀኑን አስታወስኩ።

«ሁሴን፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።»

«አዎ፣ ጁምዓ ነው! የተባረከ ቀን ነው፤ ለዚህ ነው ዛሬ ያሳረድኩት።»

«ለእኔ ጾም ነው።»

ቆሞ አየኝ። ዘይነባ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሁሴን ወደ ግርማ ዞረ።

«ግርማ! አንተ ታውቅ አልነበር?»

«እንዴት አላውቅም፣ እኔም ጾመኛ ነኝ» አለ ግርማ ረጋ ብሎ። «እረድልኝ አልከኝ፣ አረድኩልህ። መቼ ይበላል ብለህ ጠየቅኸኝ?»

«አለቃዬ ግንባር ላይ አንድም ቀን ሲጾም አላየሁትም!»

«ግንባር ላይ ምን ነበረንና ምን እንጹም?» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ያኔ ዓርብም ረቡዕም ረመዳንም አልነበረንም፤ ያገኘነውን እንበላ ነበር።

እንግዲህ ነገሩን አስቡት። ግርማና እኔ ጾመኞች ነን፤ የሁሴን ቤተሰብ ደግሞ ክርስቲያን የባረከውን አይበላም። ያ የሚያህል ሙክት ተሰቅሎ፣ በግቢው ውስጥ የሚበላው አንድ ሰው የለም። ዘይነባ እየሳቀች ስጋውን ለግርማ ሚስት ላከችና ጨው ነስንሳ እንድትሰቅለው አደረገች። ሁላችንም በአንድ ላይ የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላን። ማሽላ ለጥርሴ እንግዳ ነው፤ ግን ሆድ ይይዛል። ሁሴን እየበላ በየመሐሉ «ዓርብ!» እያለ ራሱን ይነቀንቃል።

ቅዳሜ

የልኬቱ ቀን ነው። ንጹህ ሱሪዬን ለብሼ፣ የምናገረውን በልቤ ስደረድር ነበር፤ የጦሩን ክፍል፣ የአዛዡን ማዕረግ፣ የቦታውን ስም። ሻይ ይዘን ሳለ ከውጭ የቅሬው ለፋፊ ድምፅ መጣ። ሁሴን ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ኢናሊላሂ» አለ። «አባ ይማም ነው።»

አባ ይማም ሲታመም የቆየ ሽማግሌ ነው። ሁሴን በአንድ እግር ከግንባር ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ ከእንግዲህ ደጅ ይቀመጣል ሲል፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ከአልጋ የሚያስነሳው፣ እርፍ ያስያዘው፣ በጎን ተደግፎ ማረስን ያለማመደው እሱ ነው። ይሄን የነገረችኝ ዘይነባ ናት።

«ሁሴን» አልኩት «ባለሙያዎቹ ለዛሬ ብቻ ናቸው። ወደ ከሚሴ ሄደን ተለክተን እንመለስ። ለቀብሩ ባንደርስ ለቅሶው ላይ እንደርሳለን።»

«አንተ አለቃዬ ነህ» አለኝ «ግን እዚህ አዛዡ ቅሬው ነው።»

«እግሩስ?»

«አባ ይማምን ሳልቀብር በተለካሁት እግር ወዴት እሄድበታለሁ?»

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥቼ! ግን ፊቱን ሳየው ንዴቴ አልበረከተም። ጋቢዬን አጣፍቼ ተከተልኩት። በመንደሩ ምንም ሥራ አይታይም፤ በሬ አልተጠመደም፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ወንዱ ሁሉ ወደ ይማም ቤት ይጎርፋል። ለልኬት ይሄዳሉ የተባሉት ሌሎቹ የድሮ ወታደሮችም እዚያው ናቸው።

ጀናዛው፣ ሬሳው ማለት ነው፣ ወጣ። ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲተላለፍ የሚያስደንቅ ነው፤ ማንም ማንንም አያዝም፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ አንድ ጊዜም መሬት አይነካም። ሁሴን ከኋላ በክራንቹ እየዘለለ ይከተላል። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆመ። መቃብሩ ማዶ ነው፤ ውኃው ውስጥ ያለው ድንጋይ ያሙለጨልጫል።

«አለቃዬ» አለኝ። «ትከሻህን አበድረኝ።»

መጀመሪያ ልደግፈው መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ራሱን ነቀነቀ፤ በአገጩ ቃሬዛውን አሳየኝ። በእሱ ፋንታ እንድሸከም ነው። ክርስቲያን ነኝ፣ ይከፋቸው ይሆን ብዬ ዘወር ዘወር ስል፣ የቅሬው ዳኛ፣ ረጅም ሽማግሌ ነው፣ ያለበትን ቦታ ለቆ «ይግቡ ያባ» አለኝ። በግራ በኩል ገባሁና ቀኝ ትከሻዬን ከእንጨቱ ሥር አደረግኩ። መሐል ውኃ ውስጥ እግሬ ተንሸራተተ፤ ሰዎቹ ያዙኝ፣ ቃሬዛው አልተነቃነቀም፣ ሱሪዬ ግን እስከ ወገቤ ራሰ። አፋፍ ላይ ስደርስ ሌላ ሰው ተቀበለኝ። ሁሴንን ሁለት ጎረምሶች አዝለው አሻገሩት። ያንን ሳይ ምሕረቱን ለምን እንዳልወደደው ይበልጥ ገባኝ።

ቀብሩ አልቆ ስንመለስ ዘይነባ ሱሪዬን አይታ የሁሴንን ሽርጥ ላከችልኝ። ማሽላው ውስጥ ገብቼ አገለደምኩ። ለአንድ ደገኛ ሽማግሌ ሽርጥ ማለት ራቁት እንደመሄድ ነው፤ ንፋሱ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይላል።

ለቅሶው ቤት ስንደርስ ሴቶቹ በተቀመጡበት ሰሌን ላይ፣ በመሐላቸው አንዲት ራሷን በሻሽ የሸፈነች ሴት ተቀምጣለች። ጫማዋ አጠገቧ ነው፤ እርጥብ ነው፤ ቀሚሷም እስከ ጉልበቷ እርጥብ ነው። ተወካይዋ ናት። በኋላ ሾፌሯ እንደነገረኝ፣ ከሚሴ አዳራሽ ውስጥ ከየቦታው የመጡት ሲለኩ፣ ስማቸው የተጠራው የዚህ መንደር ሰዎች ድምፅ የለም። «የት ናቸው?» ብላ ስትጠይቅ «ቅሬ ተጠርቶ» አሏት። ባለሙያው ዕቃውን ሸክፎ ወደ ደሴ ሊመለስ ሲል «አንድ ለቅሶ አድርሰኝና ትሄዳለህ» ብላ መኪናው ውስጥ አስገባችው። ወንዙ ጋ መኪናው ሲቆም ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ወንዶቹ በሌሉበት ሴቶቹ ብዙ ነግረዋታል። ስለ ውኃው፣ ምጥ የያዛት ሴት በክረምት እንዴት እንደምትሻገር፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት የት እንደሚሄዱ። ዘይነባ ኋላ ላይ «አዳራሽ ብትጠሪን ማናችን አፋችንን እንከፍት ነበር?» እንዳለቻት ሰማሁ።

ተወካይዋ ተነስታ ለወንዶቹ «አላህ ያጽናችሁ» አለች። የቅሬው ዳኛ አመሰገናትና፣

«ልጃችን፣ የመጣሽበትን እናውቃለን» አላት። «ግን ለቅሶ ቤት የመንግሥት ጉዳይ አይወራም።»

«አባቴ፣ እኔ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት» አለች። «ሰውየው ሳይለካ ቢመለስም ለቅሶዬን ደርሻለሁ።»

ሁሴን መሬት መሬት ያያል። ባለሙያው ሰዓቱን አንድ ጊዜ አየ። ያኔ ከሴቶቹ መሐል የይማም ሚስት፣ የሟቹ ባለቤት፣ ቀና አለች።

«ይማም ቢኖር ኖሮ ተቀምጣችሁ ታዩታላችሁ ወይ፣ ለኩት እንጂ ይል ነበር» አለች። «ያንን ልጅ ያስነሳው እሱ አይደለም እንዴ?»

ዳኛው አንገቱን ደፋ። «በቃ፣ የቤቱ ባለቤት ፈቅዳለች።»

ከዳሱ ፈንጠር ብሎ ባለ ዋንዛ ሥር ሁሴንን በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ባለሙያው ጀሶውን በባልዲ በጠበጠ። ተወካይዋ «ለሁሴን የሚመሰክረው ማነው?» አለች። ተነሣሁ። በሽርጥ፣ በጋቢ፣ ባዶ እግሬን። የደረደርኩት ሁሉ፣ የጦር ክፍሉም ማዕረጉም፣ ከአእምሮዬ እልም አለ።

«ልጄ» አልኩ «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ያንን እግር የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ሁሴን ቀና አለ። «ምን አልክ?»

«አንተን ወደ ኋላ ከወሰዱህ በኋላ፣ እዚያው ቀርቶ አየሁት። ከነጫማው። ግራር ሥር ቆፍሬ ቀበርኩት፣ ድንጋይ ጫንኩበት።»

«ጅብ የበላው ይመስለኝ ነበር» አለ። «እስከ ዛሬ ጅብ የበላው ይመስለኝ ነበር።»

«አልበላውም።»

«ወዴት አዞርከው?» አለኝ።

«ወደ ፀሐይ መውጫ። እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የቅሬው ዳኛ በእጁ አየሩ ላይ አቅጣጫ ለካ፤ ግንባሩ የት እንደነበር ጠየቀኝ፣ መካ ከዚያ በየት በኩል እንደሚሆን አሰበ።

«ወደ ግራ ቢሆን ይሻል ነበር» አለ በመጨረሻ። «ለእግር ግን ይበቃል።»

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተን ሳቅን፤ ሁሴን እያለቀሰ ይስቃል። ተወካይዋ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ «ምስክሩ በቃኝ» አለች።

ባለሙያው ጀሶ የነካ ጨርቅ የሁሴን እግር ላይ እየጠመጠመ «አባቴ፣ ለምን ሥራ ነው የሚፈልጉት? ለእርሻ ነው ለመንገድ? እግሩ እንደ ሥራው ነው የሚሠራ» አለው።

ሁሴን በጣቱ አሳየው። ቃሬዛው ታጥቦ አጥሩ ላይ ተደግፏል።

«ለእሱ።»

ባለሙያው ቃሬዛውን ተመለከተ፣ ሄዶ በአንድ በኩል አንስቶ ክብደቱን ሞከረ። «እንግዲያማ ቁርጭምጭሚቱ ጠንከር ማለት አለበት» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ለካ።

ልትሄድ ስትነሣ ዳኛው ድልድዩን አነሳባት። «ዛሬ ቃል አልገባላችሁም» አለች። «እጠይቃለሁ። ያሉኝን መጥቼ እነግራችኋለሁ። እምቢ ካሉኝም መጥቼ እነግራችኋለሁ።» ዳኛው «እምቢ ሲሉ መጥቶ የነገረን እስካሁን የለም» አለ፤ ስድብም ምርቃትም ይመስላል። ከዚያ ግን እጁን ዘርግቶ ዱአ አደረገላት፤ ሁላችንም አሚን አልን።

ባለሙያውና ሾፌሩ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ግርማ እጃቸውን ይዞ ቤቱ ወሰዳቸው፤ እኔም ተከተልኩ። ሚስቱ ያንን ፍየል አውርዳ ጠበሰችልን። ሁሴን በክራንቹ ደጃፉ ላይ ቆሞ እየበላን ሲያየን «አየህ፣ ዓርብ ያሳረድኩት አውቄ ነው» አለኝ።

እሁድ

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ሱሪዬ አልደረቀም፤ ዘይነባ ከማንጎና ከማሽላ ዱቄት ጋር በፌስታል አስራ ሰጠችኝ፣ ሽርጡንም «ውሰዱት» አለችኝ። ሁሴን እስከ ወንዙ ሸኘኝ። ስሻገር «ድንጋዩን እየለየህ ርገጥ አለቃዬ፣ ዛሬ የሚይዝህ የለም!» ብሎ ጮኸ።

አውቶቡሱ ሰንበቴ ላይ የገበያ ቀን ስለነበረ በግመል መሐል ቆመ። ከአፋር የመጡት ግመልና ፍየል ይዘዋል፣ ከደጋ የወረዱት ባቄላና ገብስ። የእኛን ገብስ እዚያ አቧራ ላይ ተዘርግቶ ሳየው የሰፈር ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ፤ ወርጄ ዘግኜ አሸተትኩት። ሻጩ በሽርጥ ያለሁትን አይቶ በኦሮምኛ አናገረኝ። «ፈያ» አልኩት፤ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።

ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሽርጡን አልፎ ሲገባ ካፖርቱንም ሹራቡንም መልሼ ደራረብኩ። አስካለ በሩን ከፍታ ከላይ ካፖርት ከታች ሽርጥ ስታይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። «ይሄን ልብስ የለበስከው ማን ሞተ ብለህ ነው?» አለችኝ። «አባ ይማም የሚባል ሰው» አልኳትና ሁሉን ነገርኳት።

እዚህ ድረስ ጽፌ ወረቀቱን አስቀምጬው ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ሁሴን ደወለ። እግሩ ደርሷል፤ ደሴ ሄዶ ተገጥሞለታል። ተወካይዋም ቃሏን ጠብቃ ተመልሳ መጥታለች፤ ድልድዩን እምቢ አላሉም፣ እሺም ገና አላሉም፣ ለክተው ሄደዋል አለ። ስለ እግሩ ስጠይቀው ግን መሳቅ ጀመረ።

የቅሬው ዳኛ፣ ሰው ሞቶ በአዲስ እግር ቃሬዛ ሥር መግባት አይሆንም፣ ቀድሞ ይለማመድ ብሎ አዘዘ። ስለዚህ ለይማም ሚስት ቅሬው የሚሰጣት ማሽላ ስለነበረ፣ ጆንያውን ቃሬዛው ላይ ጭነው፣ ሁሴንን ከፊት አስገብተው በመንደሩ መሐል ተጓዙ። ሴቶቹ ቃሬዛ ሲያዩ ከየቤቱ እየጮሁ ወጡ፤ ዘይነባ ሊጡን እንደያዘች፣ የይማም ሚስት ደረቷን እየመታች። «ማነው? ማን ሞተ?» ዳኛው ያንን የሚያህል ቁመቱን ይዞ «ኧረ ማንም አልሞተም፣ ማሽላ ነው!» እያለ ይጮሃል፤ ማንም አይሰማውም።

«አመመህ?» አልኩት።

«አመመኝ። ደግሞ ተራህ አልቋል፣ እንቀበልህ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። እስከ አባ ይማም ደጃፍ ድረስ አልሰጠሁም።»

ከበስተጀርባው ዘይነባ ስለ ሊጡ ስትቆጣው ይሰማኛል።

«አለቃዬ» አለኝ «ያበደርከኝን ትከሻ መልሻለሁ።»